አሥራ አራት ካርቶን ሴራሚክ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሊያ ከምሳ በኋላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ማማ፣ ጓርዳ፣ እዪው! አያምርም?" አለችኝ። የሚታየው ነጭ ሩሎት ነው፤ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያለው የመንገድ ቤት። እጮኛዋ ያገለገለ ፒክአፕ ገዝቷል። ሩሎቱን ከኋላው አስረው በጋውን ሙሉ ከባሕር ወደ ባሕር ሊዞሩ ነው። የመኪናውን ዓይነት ሲነግሩት ስንት ኪሎና ስንት ሜትር መጎተት እንደሚችል የሚያሰላ ነገር ስልኳ ላይ አለ። እየነካካች አሳየችኝና አረንጓዴ ምልክት ወጣ። "ቫ ቤኔ፣ ይችላል" አለች።

"ባዶውን ነው ወይስ ከነጭነቱ?" አልኳት።

"ኡፋ ማማ! ምን እንጭናለን? ሁለት ቦርሳ ነው እኮ።"

ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። እኔ ድሮም ቢሆን ነገር ሲከነክነኝ ቁጭ ብዬ ማውራት አልችልም። ባለቤቴ በረከት ከወንበሩ ሳይነሳ "ሊያ፣ እናትሽን በጭነት ጉዳይ አትከራከሪያት" አለና ፈገግ አለ። እኔና እሱ ተያየን። ልጅቷ ምንም አታውቅም። ሁልጊዜ የምንነግራት "ስንጋባ ሩሎት ውስጥ ነበር የምንኖረው" የሚለውን ብቻ ነው። ሩሎቱ ዳገቱን እንዴት እንደወጣ ነግረናት አናውቅም።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሮማ ውስጥ፣ ፓሪዮሊ ሰፈር፣ አንዲት ጣሊያን ሲኞራ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተኛሁት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ክፍል ነው። ማሽኑ ልብሱን ሲጨምቅ አልጋዬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሲኞራዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ እንዲያውም በልደቴ ቀን ኬክ ትገዛልኝ ነበር። የራሴ የምለው ጊዜ ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት የእኛ አገር ሴቶች ሁሉ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ እንሰበሰባለን። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ እኔ ባቡር ጣቢያው ውስጥ እገባና የሚነሱትን ባቡሮች ሰሌዳ አነባለሁ። ቦሎኛ፣ ሚላኖ፣ ሬጆ ካላብሪያ። ትኬት ቆርጬ አላውቅም፤ ሰሌዳው ስሞቹን እየገለበጠ ሲንቋቋ መስማት ብቻ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሰዓቴን አይቼ ወደ ማጠቢያ ማሽኔ እመለሳለሁ።

በረከት የአስመራ ልጅ ነው፤ ያደገውና የተማረው ግን አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የሀብታሞችን የአትክልት ቦታ እየተንከባከበ ነበር የሚኖረው። ሀብቱ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ናት። እኔ አሥር ስናገር እሱ አንድ ይመልሳል። እንጋባ ተባባልን፣ ግን የት እንግባ? የሚከራይ ቤት ብለን የደወልንበት ሁሉ ድምፃችንን ሲሰማ ቤቱ ተይዟል ይለናል። በመጨረሻ ግሮታፌራታ፣ ከሮማ በላይ ካሉት ኮረብቶች አንዱ ላይ፣ አንድ የወይን እርሻ ያላቸው ሽማግሌ ለበረከት ሥራ ሰጡት። "ቤት የለኝም፣ ቦታ ግን አለኝ" አሉት። "ሩሎት አምጣና ከወይራው ሥር አቁም።"

እኔም ሥራዬን ለቀቅሁ። አዲሷ ልጅ ሰኞ ጠዋት መጥታ አልጋዬን ትረከባለች። እሑድ ዕለት ሩሎቱ ዳገቱን ካልወጣ ሰኞ የምገባበት የለኝም ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ የሚብሰው ደግሞ፣ ከበረከት ጋር የምዘጋው የራሴ በር እንዲኖረኝ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

ሩሎት ሻጩ ሮማ ዳር፣ ሮማኒና ውስጥ፣ አቧራማ ግቢ ያለው ሰው ነበር። ለምርጫው ጋሽ ወልዴን ይዘን ሄድን። ጋሽ ወልዴ በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ከወደብ አዲስ አበባ ድረስ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ሮማ ላይ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ሆነዋል። እኔ ግቢው ውስጥ እንደገባሁ አንዱን ሩሎት ወደድኩት። ሁለት ክፍል አለው፤ በመካከሉ በር አለው፤ መጋረጃው አበባ አበባ ነው። በሩን አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው የፒክአፗን ሊብሬ አነበቡ። ከዚያ የሩሎቱን። "ይቺ መኪና የምትጎትተው አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ነው። ይሄኛው ባዶውን ብቻ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይመዝናል። አለቀ።"

"ትንሽ ብትጨናነቅ ነው እንጂ..."

"ኪሎው ቢሆንልሽ እንኳ ርዝመቱ አይሆንም" አሉና ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለኩት። "መኪናይቱ አጭር ናት፤ ይሄ ደግሞ ሰባት ሜትር ነው። ዳገት ላይ ትጎትተዋለች እንበል። ቁልቁለት ላይ ግን እሱ ነው የሚነዳት። ነፋስ ከጎን ከመታውማ መሪውን ብትይዥው ባትይዥው አንድ ነው።"

ተናደድኩ። "ጋሼ፣ እርስዎ አሰብ የምንሄድ መሰለዎት እንዴ? አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው!"

"ልጄ፣ ሰው ለመገልበጥ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር አያስፈልገውም።"

የገዛነው ትንሹን ነው። አራት ሜትር ተኩል፣ አልጋው ከኋላው መስኮት ሥር ያለ፣ የጋዝና የእርጥበት ሽታ የሚሸት። ባዶውን ስምንት መቶ ሰማንያ ኪሎ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን እያጠፉ አሰሉ። "የቀራችሁ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ሁሉንም አትጠቀሙበትም፤ መቶ ሃምሳ ይበቃችኋል። ከባድ ዕቃ ከጎማው በላይ ይቀመጥ፣ ከኋላ ምንም እንዳታደርጉ። የምትጭኑትን እያንዳንዱን መዝናችሁ ጻፉልኝ።"

ሐሙስ ዕለት ሲኞራዋ ፀጉሯን ልትሠራ ስትወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ዕቃዬን በእሷ ሚዛን መዘንኩ። ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ የክረምት ጫማ፣ በርበሬና ሽሮ። ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩ፤ መቶ አርባ ሦስት ኪሎ ሆነ። በረከት ወረቀቱን አንብቦ "ይሄ ብቻ ነው?" አለኝ። "ይሄ ብቻ ነው" አልኩት።

ዋሸሁት።

እኛ አዳሪ ሠራተኞች ሁላችንም "የአገር ቤት" የምንለው ዕቃ ነበረን። አንዷ ብርድ ልብስ ታጠራቅማለች፣ ሌላዋ የብርጭቆ ስብስብ፣ ሌላዋ መጋረጃ። የሆነ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ለዓመታት ይቀመጣል። አይነካም፣ አይቆጠርም፤ የዚህ ኑሮ ዕቃ አይደለማ። የእኔው ሴራሚክ ነበር። ሲኞራዋ መታጠቢያ ቤቷን ስታድስ ሰማያዊ ሴራሚክ ተረፋትና ሠራተኞቹ ሊጥሉት ሲሉ ለመንኳቸው፤ አራት ካርቶን። ከዚያ እሷ ከገዛችበት ሱቅ በየጊዜው አንድ ሁለት ካርቶን እየጨመርኩ አሥራ አራት አደረስኩት። አዲስ አበባ ላይ መሬት የለኝም፣ ግድግዳም የለኝም፤ የመታጠቢያ ቤቴ ወለልና ግድግዳ ግን ተሟልቷል። እንቅልፍ ሲነሳኝ መስታወቱን የት እንደምሰቅል አስብ ነበር።

ይህን ለበረከት እንዴት ልንገረው? ያኔ የእኔና የእሱ አገሮች ጦርነት ላይ ነበሩ። እናቱን ከኖሩበት የአዲስ አበባ ቤት በአንድ ቦርሳ ያስወጧቸው በዚያው ሰሞን ነው። እሱ ያደገባትን ከተማ መርገጥ አይችልም፤ እኔ ደግሞ እዚያ ለምሠራው ቤት ሴራሚክ እገዛለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ወራት አለፉ።

ቅዳሜ ሲኞራዋን አስፈቅጄ ወጣሁ፤ ጓደኛዬ ፀሐይ ከነባሏ በፉርጎኔ፣ በዝግ የጭነት መኪና፣ ሻጩ ግቢ ድረስ አምጥተውልኝ፣ ካርቶኖቹን ከኋላ ካለው አልጋ ሥር ደረደርናቸው። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩበት። ፀሐይ "ኪሎው አይበዛም?" ስትለኝ "የአገር ቤት ዕቃ እኮ ነው" አልኳት፣ እሱ እንደማይመዝን ሁሉ። እሷም አልተገረመችም።

እሑድ ጋሽ ወልዴ "ከቅዳሴ መልስ መጥቼ ሳላየው እንዳትነሱ" ብለው ነበር። ስምንት ዓመት የታገሥኩ ሰው ሁለት ሰዓት መታገሥ አቃተኝ። ደግሞም እሳቸው ቢመጡ በአንድ እይታ እንደሚያውቁብኝ ገብቶኛል። ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እያልኩ በረከትን ነዘነዝኩት። "ሙቀቱ ሳይበረታ እንሂድ፤ ከዘገየን የእርሻው ሽማግሌ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።" የፒክአፗ ጭነት ቦታ በእርሻ መሣሪያውና በውሃ በርሜሉ ሞልቷል። ሩሎቱን አሰርንና ወጣን።

ጊዜው የወይን ለቀማ ሊጀመር ሁለት ሳምንት የቀረው ነበር። በመስኮቱ የደረቀ ሣርና የበለስ ሽታ ይገባል። ለመንገድ የያዝኩትን ቋንጣ ፍርፍር ጭኔ ላይ አድርጌ አንዱን እሱን አጎርሼ፣ አንዱን እኔ እጎርሳለሁ። አናኒናን አልፈን ትንሽ ቁልቁለት ያዝን። በረከት ማኘኩን አቆመ። በስፖኪዮው ሳይ ሩሎቱ ወደ ግራ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከበፊቱ አስፍቶ ወደ ግራ። ፒክአፗም አብራው ትወዛወዛለች፤ የፊት ጎማዎቿ መሬት የያዙ አይመስሉም። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ፍሬን ያዝ ብዬ ጮህኩ። በረከት ፍሬኑን አልነካም። እግሩን ከቤንዚኑ ላይ አንስቶ መሪውን ጨምድዶ ያዘ። ዳገቱ ሲጀምር ሩሎቱ እየተንገዳገደ ልብ ገዛ። አንድ ፍራፍሬ ሻጭ ዳስ አጠገብ ጥግ ይዘን ቆምን። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ይሸታል። ፍርፍሩ ቀሚሴ ላይ ነበር።

በረከት ወርዶ ሩሎቱን ዞረው። የኋላው አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ገብቶ ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ የአልጋውን ጣውላ አነሳ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሴራሚክ።"

"ስንት ኪሎ ነው?"

"ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት።"

አፌ ነው የቀደመኝ። አንዷ ካርቶን አልጋዬ ሥር ስለነበረች ያን ሐሙስ እሷንም ሚዛን ላይ አውጥቻት፣ በአሥራ አራት አባዝቼ ነበር።

"ታውቂው ነበር ማለት ነው" አለ። "የየትኛው ቤት ነው?"

"አዲስ አበባ። ገና አልተሠራም።"

በረከት ወደ እኔ ዞረ። "እኔ እዚያ ቤት እንደማልገባ ታውቂያለሽ?"

"ስጀምረው አንተን አላውቅህም ነበር።"

ካርቶኑ ላይ የተለጠፈችውን የሱቁን ወረቀት ጎንበስ ብሎ አነበበ። "ይሄ የባለፈው ወር ነው። ያኔስ አታውቂኝም?"

 

እንዲህ ተፋጠን ሳለ ወደ ላይ የሚወጣው ሰማያዊ አውቶቡስ ቆመና ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጣፉ ወረዱ። ሮማኒና ሲያጡን እየተራገሙ ወደ እርሻው እየሄዱ ነበር። ሩሎቱን አዩት፣ ካርቶኖቹን አዩ፣ የሁለታችንንም ፊት አዩ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ኮታቸውን አውልቀው "በሉ አውርዱ" ብቻ አሉ። ሦስታችን ሆነን አሥራ አራቱን ካርቶን መንገድ ዳር ደረደርን። ጋሽ ወልዴ መጨረሻ ላይ መኪናው ላይ የሚታሰርበትን የሩሎቱን አፍንጫ በእጃቸው ተጫኑትና "አሁን ተቀመጠ" አሉ። ከዚያ በለስ የሚመርጡ መስለው ወደ ዳሱ ሄዱ።

በረከት እጁን በሱሪው ጠረገ። እንደዚያ ቀን ብዙ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ጽጌ፣ እኔና ጋሽ ወልዴ ሩሎቱን እናደርሳለን። አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ አስቢ። ስመለስ ወይ አንቺንም ሴራሚክሽንም ተርሚኒ አደርሳችኋለሁ፣ ወይ ሴራሚኩን ትተሽ አብረን እንወጣለን። ሁለቱንም የሚጎትት መኪና የለኝም።"

ሄዱ። ሩሎቱ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ሲወጣ እስኪሰወርብኝ አየሁት።

ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። ማዶ ወደ ሮማ የሚወርደው አውቶቡስ ማቆሚያ አለ፣ በእኔ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው። አንዱ በመጣ ቁጥር እግሬ ይነሳል፤ ሾፌሩ አይቶኝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እጄን ሳላነሳ ሲቀር ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። ፍራፍሬ ሻጩ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። "ሲኞሪና፣ ሴራሚክ መሸጥ ከጀመርሽ እኔ ንግዴን ልቀይር?" እያለ ያበሽቀኛል። አንድ ዘለላ ወይን ሰጠኝ። ፍሬ ፍሬውን እየቆረጥኩ ካርቶኖቹን ስዞራቸው ጨረስኩት። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር ብል አላጋነንኩም። መስታወቱን የምሰቅልበትን ግድግዳ አሰብኩ፣ የበረከት እናት የያዟትን አንድ ቦርሳ አሰብኩ፣ ሰኞ የምትመጣዋን ልጅ አሰብኩ። አንዱን ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል።

ሳላውቀው የዳገቱን መንገድ በእግሬ ጀምሬ ነበር። ፍራፍሬ ሻጩ ከኋላዬ ተጣራ። "ሲኞሪና! ሴራሚኩስ?"

"ውሰደው!"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም!" አልኩና እንዳልመለስ ፈጠንኩ።

የእሑድ ጫማዬ ተረከዝ ነበረው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። አስፋልቱ ይፋጃል። በየግቢው የወይን በርሜል የሚያጥቡ ሰዎች ጎንበስ ካሉበት ቀና ብለው ያዩኛል፤ ባዶ እግሯን ዳገት የምትወጣ፣ ቀሚሷ ላይ በርበሬ የፈሰሰባት ጥቁር ሴት። ስንት ሰዓት እንደሄድኩ እንጃ። አንድ መታጠፊያ ጋ ፒክአፗ ብቻዋን ስትወርድ አየኋት። ከማዶ ቆመች፤ በሯ ከውስጥ ተከፈተ።

"ሴራሚኩስ?" አለ በረከት።

"ሰጠሁት።"

 መኪናውን አዞረና ወጣን። ጋሽ ወልዴ ከወይራው ሥር ሩሎቱን በድንጋይ አስደግፈው፣ ጥላው ሥር ተኝተው ጠበቁን።

እዚያ ሩሎት ውስጥ ሁለት ክረምት ኖርን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ጠዋት ምድጃው እስኪግል ትንፋሻችን ይታያል፤ በሩ ግን የእኛ ነበር። ከዚያ ቤት ተከራየን፣ ሊያ ተወለደች። ጦርነቱም አለቀ፣ ኋላ ሰላም ወረደና አዲስ አበባንም አብረን ሄደን አየናት። ፍራፍሬ ሻጩ የዳሱን ግድግዳ በሰማያዊ ሴራሚክ አልብሶት ነበር። በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር እኔ በመስኮት አየዋለሁ፣ በረከት መንገዱን ያያል። አንድም ቀን በዚያ ነገር አልወቀሰኝም። ይህ ዝምታው ከወቀሳ በላይ ሲከብደኝ ነው የኖረው፤ ምክንያቱም ቁጭ ብዬ አስቤ፣ አመዛዝኜ፣ እሱን መርጬ የመጣሁ መስሎታል።

ባለፈው እሑድ ሊያ ሩሎቷን አሳይታን ከወጣች በኋላ አላስችል አለኝ። የሳህን ማድረቂያ ጨርቁን እንደያዝኩ ፊቱ ቆምኩ።

"በረከት፣ ያን ቀን አስቤ አይደለም የመጣሁት። ምንም አልወሰንኩም ነበር። ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነው፤ እግሬ ነው የተነሳው። ወደ ሮማ የሚወርደው አውቶቡስ በዚያች ደቂቃ ቢመጣ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።"

በረከት መነጽሩን አወለቀ። "ቁጭ ብለሽ አስቢ ያልኩሽ ቁጭ እንደማትይ ስለማውቅ ነው" አለ። "ወደ ላይ ትምጪ ወደ ታች ትውረጂ ግን አላወቅሁም። ስመለስ ከአንደኛ ማርሽ አልወጣሁም። ዳሱ ጋ ደርሼ ባጣሽስ ብዬ፣ እንዳልደርስ ነው የምነዳው። ጋሽ ወልዴ አብሬህ ልውረድ ሲሉኝ እንኳ እምቢ ያልኩት ሳለቅስ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር ነው።"

ይህን ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አልነገረኝም። እኔ የወሰንኩ መስዬ፣ እሱ ያልፈራ መስሎ እዚህ ደርሰናል። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽ ድረስም አልተነሳሁም።